ፍሬንች ፕሬስ «ለልብ ይሻላል» ያላችሁ ማነው?

ሰሞኑን አንዲት እናት የኮሌስትሮል ውጤታቸውን ይዘው መጡ። ከፍ ብሏል። «ጀበናውን ትቼ ልጄ የገዛችልኝን ፍሬንች ፕሬስ እኮ ነው የምጠቀመው፤ ለልብ ይሻላል ብለውን» አሉኝ።

ማነው ያለው? ዕቃውን የሸጠላቸው ሰው!

እስኪ በግልጽ እናውራ። ቡና ውስጥ ካፌስቶል የሚባል ቅባት አለ፤ መጥፎውን ኮሌስትሮል (ኤልዲኤል) ከፍ ያደርጋል። የፍሬንች ፕሬስ የብረት ወንፊት አተላውን እንጂ ቅባቱን አይዝም። አብዛኛውን የሚያስቀረው የወረቀት ማጣሪያ ነው። ኖርዌይ ውስጥ ሳይጣራ የሚጠጣ የፈላ ቡና ከኮሌስትሮል ጋር መያያዙ ከ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ተጠንቷል፤ አዲስ ወሬ አይደለም። ጀበናም ወረቀት የለውም፤ ባህላችን ነው ብዬ አልዋሻችሁም።

ታዲያ ቡና ተዉ? አላልኩም! እኔም ሳልጠጣ ሥራ አልጀምርም። ኮሌስትሮላችሁ ደህና ከሆነ በፍሬንች ፕሬስ አጣጥሙት፦ ሸካራ አድርጋችሁ ፍጩ፣ ለ1 ሊትር ውኃ 60 ግራም ገደማ ጨምሩ፣ 4 ደቂቃ ጠብቁና ቀስ ብላችሁ ተጫኑት። ወዲያው ቅዱት፤ አተላው ላይ ከቆየ ይመርራል። ከፍ ያለባችሁ ግን ከተጫናችሁት በኋላ በወረቀት ማጣሪያ አሳልፉት። ጣዕሙ ይቀላል፣ አዎ።

መድኃኒት የታዘዘላችሁ ደግሞ የቡና ዕቃ ስለቀየራችሁ ክኒኑን እንዳታቋርጡ። እኚህ እናት አቋርጠው ነበር።