«ደህና ነኝ» ማለት ብቻ አይበቃም

በለንደን የምንኖር ኢትዮጵያውያን ሰው ሲሞትብን የምናሳየውን ኅብረት ማንም አይክድም። አስከሬኑ ወደ አገር ቤት ይሸኝ ከተባለ መዋጮው ይሰበሰባል፤ ቤቱ በለቀስተኛ ይሞላል፤ ምግብ የማያመጣ የለም። ይህ የምንኮራበት ባህላችን ነው። ነገር ግን፣ ውድ አንባብያን፣ እስቲ በእውነት እንነጋገር። ለአስከሬኑ የምንፈጥነውን ያህል ሰውየው በሕይወት ሳለ እንፈጥንለታለን ወይ? «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚለው ተረት በእኛ ላይ እንዳይፈጸም እሠጋለሁ።

ይህን የምለው በጭንቅላት ላይ የሚደርሰውን አደጋ አስቤ ነው። በምግብ ቤት ኩሽና እርጥብ ወለል አዳልጦት ለሚወድቅ፣ በሌሊት ቢሮ ሲያጸዳ ከደረጃ ለሚንከባለል፣ ምግብ ሲያደርስ ከሞተር ብስክሌት ለሚወረወር ወገናችን የምናደርገው ምንድን ነው? ሰውየው ይነሣል፤ ልብሱን ያራግፋል፤ «ምንም አልሆንኩም» ይላል። እኛም «ተመስገን» ብለን ፓራሲታሞል እንሰጠዋለን፤ ራሱን በሻሽ እናስርና እናስተኛዋለን። እኔ አጥብቄ የምቃወመው ይህንን ነው።

የተመታ ሰው ተነሥቶ መናገሩ ለጤንነቱ ማስረጃ አይሆንም። የራስ ቅል አጥንት ነው፤ አይለጠጥም። በውስጡ የደም ሥር ቢቀደድ የሚፈሰው ደም መውጫ ስለሌለው ቀስ በቀስ አንጎልን ይጫናል። እስኪጠራቀም ድረስ ግን ሰውየው ሊስቅና ሊጫወት ይችላል። እ.ኤ.አ. በማርች 2009 እንግሊዛዊቷ ተዋናይ ናታሻ ሪቻርድሰን በካናዳ በረዶ ላይ መንሸራተት ስትማር ወደቀች። ደህና ነኝ አለች፤ የመጣው አምቡላንስም ሳያያት ተመለሰ። ራስ ምታቱ የጀመራት ቆይቶ ነበር። በሁለተኛው ቀን በ45 ዓመቷ ሞተች። ገንዘብም፣ ቋንቋም፣ የመኖሪያ ወረቀትም ያልቸገራትን ሴት ያታለለ «ደህና ነኝ» እኛን የማያታልልበት ምን ምክንያት አለ?

ምክንያት መደርደር እንደማያቅተን አውቃለሁ። አንዱ «በትንሽ ነገር ሐኪም ማስቸገር ነው» ይላል። ይህ ይሉኝታ ነው፤ ይሉኝታ ደግሞ ደም አያቆምም። ሌላው «ወረቀቴ አላለቀም፤ ያስከፍሉኛል» ብሎ ይፈራል። በእንግሊዝ አገር ኤ ኤንድ ኢ በሚባለው ድንገተኛ ክፍል መታየት ለማንም ሰው ነፃ ነው። የጥገኝነት ጥያቄው በመታየት ላይ ያለ ሰው ሆስፒታል ተኝቶ ቢታከምም አይከፍልም። ከሌሎች አንዳንዱን ተኝቶ መታከም ሊያስከፍለው ቢችልም፣ አስቸኳይ ሕክምና ገንዘብ የለህም ተብሎ አይከለከልም። ከሁሉ የከፋው ግን «ሰክሮ ነው፤ ተዉት ይተኛ» የሚለው ነው። መጠጥና የአንጎል ጉዳት በመልክ ይመሳሰላሉ፤ ስለዚህ ጠጥቶ ጭንቅላቱን የተመታ ሰው ይበልጥ ሊታይ ይገባዋል እንጂ ሶፋ ላይ ተጥሎ ሊረሳ አይገባም።

ታዲያ መቼ ነው የሚኬደው? የተመታው ሰው ራሱን ስቶ ካልነቃ፣ ነቅቶ መቆየት ካቃተው፣ ካንቀጠቀጠው፣ አንደበቱ ከተሳሰረ፣ እጅ ወይም እግሩ ከዛለ፣ ዓይኑ ከፈዘዘ፣ ከአፍንጫው ወይም ከጆሮው ንጹሕ ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ከወጣ፣ ወይም ከ1 ሜትር ወይም ከ5 ደረጃ በላይ ከወደቀ ወዲያውኑ 999 ይደወል። ለአፍታም ቢሆን ራሱን ስቶ የነቃ፣ ያስመለሰው፣ ማስታገሻ ውጦ ራስ ምታቱ ያልለቀቀው፣ የሆነውን የማያስታውስ፣ ጠባዩ የተለወጠ፣ ወይም እንደ ዋርፋሪን ያለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ሳይውል ሳያድር ድንገተኛ ክፍል ይሂድ። መኪናውን ግን ራሱ አይንዳ። የሚያጠራጥር ከሆነ 111 ቀንም ሌሊትም ይሠራል። እንግሊዝኛ ያልሆነለት «አማሪክ» ብሎ አስተርጓሚ ይጠይቅ፤ ክፍያ የለበትም።

እነዚህ ምልክቶች ባይታዩም በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ሰውየው ብቻውን አይደር። እንቅልፍ ክልክል አይደለም፤ ሲቀሰቅሱት አልነቃ ካለ ግን አደጋ ነው። በአረጋውያን ላይ ደግሞ ደሙ በዝግታ ስለሚጠራቀም ምልክቱ ከቀናት፣ አንዳንዴም ከሳምንታት በኋላ ሊመጣ ይችላል። ልጆቻቸውን ለመጠየቅ የመጡ እናት «ትንሽ ድካም ነው» ቢሉ፣ ከሰሞኑ ወድቀው እንደነበር እንጠይቃቸው።

የማኅበራትና የእድር መሪዎቻችንም ይስሙ። ለቀብር የሚሆን መዝገብ አላችሁ፤ መልካም ነው። ከመዝገቡ ጎን ይህን ዝርዝር በአማርኛ አባዙና በቤተ ክርስቲያኑ፣ በመስጊዱና በምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። አንድ ገጽ ወረቀት ያህል ያልወጣለት ሰው ሲሞት ለአውሮፕላን ጭነት መዋጣት የወገን ፍቅር ነው ለማለት አፌ አይደፍርም። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ ቅጠሉ በእጃችን ነው።