ከሊምፎማ ሕክምና በኋላ ክትትሉ ለምን ይቀጥላል?



በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አንዱ የአንዲት እናት ነው። የ22 ዓመት ልጃቸው የሆጅኪን ሊምፎማ ሕክምናውን ከጨረሰ ስምንት ወር ሆኖታል። ሐኪሙም በሽታው በምርመራ እንደማይታይ ነግሮታል። ልጁ ‹‹አልሐምዱሊላህ ድኛለሁ፤ ከእንግዲህ ሆስፒታል ምን ልሠራ?›› ይላል። እናቱ ደግሞ ‹‹በየወሩ ሲቲ ስካን ካልተነሣ እንቅልፍ አይወስደኝም›› ይላሉ። ለሁለቱም የምንለው አለን።

ከልጁ እንጀምር። ሐኪሞች ‹ረሚሽን› የሚሉት በሽታው በምርመራ የማይታይበትን ሁኔታ ነው። ብዙዎቹ የሆጅኪን ሕሙማን በዚሁ ይድናሉ። ሆኖም መሣሪያ ያላገኘው ጥቂት ሕዋስ ቀርቶ እንደሆነ የሚለየው ጊዜ ነው። በሽታው ካገረሸ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ 2 እና 3 ዓመታት ውስጥ ነው። ስለዚህ ቀጠሮው በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት በየ3 እስከ 6 ወሩ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ እየራቀ ሄዶ በዓመት አንድ ጊዜ ይደርሳል። ቢያገረሽ እንኳ ሌላ ሕክምና አለና ተስፋ አይቆረጥም።

ወደ እናታችን ስንመጣ፣ ምልክት የሌለውን ሰው በየጊዜው ሲቲ ስካን ማንሣት ዕድሜ እንደሚያራዝም አልተረጋገጠም። በስዊዘርላንዷ ሉጋኖ ከተማ በተደረጉ የባለሙያዎች ስብሰባዎች ላይ ተመሥርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው መመሪያም ይህን አይደግፍም። ጨረሩ ይደራረባል፤ በሽታ ያልሆነው በሽታ መስሎ ይታይና ቤተሰብን ያስጨንቃል፤ ወጪውም ቀላል አይደለም። የቀጠሮው ዋና ነገር ሐኪሙ ሕመምተኛውን በሚገባ መጠየቁ፣ አንገቱን፣ ብብቱን፣ ብሽሽቱንና ሆዱን በእጁ መፈተሹ፣ እንዲሁም የደም ምርመራው ነው።

በቀጠሮዎች መካከል ግን ጠባቂው ሕመምተኛው ራሱና ቤተሰቡ ነው። ከሚከተሉት አንዱ ሲታይ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል፦

1. በአንገት፣ በብብት ወይም በብሽሽት የማያምና የማይጠፋ ንፍፊት፤
2. ምክንያቱ ያልታወቀ ከ38 ዲግሪ በላይ የሆነ ትኩሳት፤
3. ልብስና አንሶላ የሚያርስ የሌሊት ላብ፤
4. በ6 ወር ውስጥ ከክብደት 10 በመቶ ያህል ያለ ምክንያት መቀነስ።

በአገራችን እነዚሁ ምልክቶች ከቲቢም ይመጣሉ። ስለዚህ ‹‹ተመለሰብኝ›› ብሎ መደንገጥም፣ ‹‹ቲቢ ይሆናል›› ብሎ በግምት መድኃኒት መዋጥም ስሕተት ነው። ከንፍፊቱ ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ይለያል።

ክትትሉ ስለ ካንሰሩ ብቻም አይደለም። ዶክሶሩቢሲን የተባለው መድኃኒት ልብን፣ ብሊዮማይሲን ደግሞ ሳንባን ሊጎዱ ይችላሉ። አንገት ላይ የተሰጠ ጨረር ታይሮይድን ከዓመታት በኋላ ሊያደክም ይችላል። በወጣትነታቸው ደረታቸው ላይ ጨረር የተሰጣቸው እኅቶችም የጡት ምርመራን ከሌሎች ቀድመው መጀመር አለባቸው። በመሆኑም የወሰዳቸው መድኃኒቶች ስምና መጠን፣ ሕክምናው ያለቀበት ቀን፣ ጨረር ተሰጥቶ ከሆነም ቦታው የተጻፈበትን ማጠቃለያ ከሐኪሙ ተቀብሎ ቤት ማስቀመጥ ይበጃል። ከአሥር ዓመት በኋላ ሌላ ሐኪም ቢያየው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ልጁ ቀጠሮውን አይዝለል፤ እናቱም ሐኪሙ ያላዘዘውን ስካን አይጠይቁ። በሚቀጥለው ቀጠሮ አብረው ቢሄዱና ጥያቄያቸውን ጽፈው ቢይዙ ሁለቱም ዕረፍት ያገኛሉ። አላህ ጤናውን ያዝልቅለት።

ወሰላም።