ትልቁን ፋይል አስቀምጠን ትንሹን ስናጠፋ

በክፍል ውስጥ ስለ ኤንትሮፒና ስለ መረጃ በምናስተምርበት ጊዜ ለተማሪዎቻችን የምናቀርበው አንድ ጥያቄ አለ። የአንድ ቪዲዮ ሁለት ቅጂዎች አሉ እንበል። አንደኛው 340 ሜጋባይት፣ ሁለተኛው 1,700 ሜጋባይት ያህል ነው። ዲስኩ ሞልቶ አንዱን ማጥፋት ግድ ቢሆን የትኛው ይጥፋ? አብዛኛው ተማሪ ያለማመንታት «ትንሹ» ይላል። እኛም ከዓመታት በፊት ይህንኑ መልስ ሰጥተን ነበር፤ ያውም በፈተና ወረቀት ላይ ሳይሆን በተግባር።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ለዶክትሬት ትምህርት በአሜሪካ ሳለን፣ ወንድማችን በገና ዕለት እናታችን ቡና ስታፈላ በካሜራ የቀረጸውን የ45 ደቂቃ ቪዲዮ በሲዲ አድርጎ በመንገደኛ እጅ ላከልን። በዚያን ጊዜ ከቴሌቪዥናችን ጋር የተያያዘ ዲጂታል መቅረጫ ነበረን። እንደ ቲቮ ያሉት እነዚህ መሣሪያዎች እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ገበያ ላይ የዋሉ ሲሆን፣ የቴሌቪዥን ፕሮግራምን በካሴት ፈንታ በሀርድ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ ነበር። የእኛው ከኮምፒዩተር የተላከለትንም ፋይል ያሳያል፤ ነገር ግን ኤምፔግ-2 በተባለው ዘዴ የታመቀውን ብቻ ነው። የወንድማችን ፋይል ደግሞ የታመቀው በኤምፔግ-4 ነበር። ስለዚህ ኮምፒዩተሩን ሌሊቱን ሙሉ አሠርተን ፋይሉን ለወጥነው። ጠዋት እናታችንን በቴሌቪዥን ስናያት ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ከዚያም «ጥራቱ አምስት እጥፍ የሆነ ቅጂ እያለ ይህ ትንሹ ምን ያደርጋል?» ብለን የመጀመሪያውን ፋይል አጠፋን። ሲዲውም ቤት ስንቀይር ጠፋ። ወንድማችንም የካሜራውን ካሴት ሌላ ነገር ቀርጾበት ነበር።

የሠራነውን ስሕተት የተረዳነው እናታችን ካረፈች በኋላ ቪዲዮውን በትልቅ ቴሌቪዥን በተመለከትን ጊዜ ነው። ከማጨሻው የሚወጣው የዕጣን ጢስ ጢስነቱ ቀርቶ ግራጫ ካሬዎች ሆኖ ይንቀሳቀሳል። ጀበናውን ስታነሣ የእጇ ጠርዝ ይበታተናል።

ይህ ለምን ሆነ? በእኛ ሀገር የቴሌቪዥን ሥርዓት አንድ ሥዕል 720 በ576 ነጥቦች ሲኖሩት፣ በሰከንድ 25 ሥዕሎች ያልፋሉ። ለእያንዳንዱ ነጥብ በአማካይ 12 ቢት ብንመድብ በሰከንድ 124 ሜጋቢት ያህል ይሆናል። የወንድማችን ፋይል ግን በሰከንድ የያዘው 1 ሜጋቢት ገደማ ነበር። ይህን ያህል መታመቅ የተቻለው በሁለት ብልሃቶች ነው። አንደኛው፣ ከሥዕል ወደ ሥዕል ያልተለወጠውን ነገር ደግሞ አለመጻፍ ነው፤ ግድግዳው ከቆመበት ስለማይንቀሳቀስ በየሥዕሉ መግለጹ አያስፈልግም። ሁለተኛው ናስር አሕመድ፣ ናታራጃንና ራኦ እ.ኤ.አ. በ1974 ባሳተሙት የሒሳብ ስልት ላይ የተመሠረተ ነው። ሥዕሉ ስምንት በስምንት ነጥብ ወዳላቸው ካሬዎች ይከፈላል፤ እያንዳንዱም ካሬ ወደ ሞገዶች ድምር ይለወጣል። የፊዚክስ ተማሪ የፉሪየርን ትንተና እዚህ ያውቀዋል። ከዚያም የየሞገዱ መጠን ለአንድ ቁጥር ተካፍሎ ይጠጋጋል። ትንንሾቹ መጠኖች ዜሮ ይሆናሉ። ጢስ ደግሞ ከጀርባው ካለው ነገር ጋር ያለው የብርሃን ልዩነት ጥቂት ስለሆነ መጀመሪያ የሚቀረው እርሱ ነው።

የጥፋቱ ሁሉ ምንጭ ይህ ማጠጋጋት ነው። አንድ ሞገድ መጠኑ 44 ነበር እንበል። የመጀመሪያው ዘዴ በ10 ቢያጠጋጋው 40 ይሆናል። ይህንኑ ሁለተኛው ዘዴ በ12 ሲያጠጋጋው 36 ይሆናል። ከመጀመሪያው 44 ተነሥተን በቀጥታ በ12 ብናጠጋጋው ግን 48 እናገኝ ነበር። በቀጥታ ሲሆን ስሕተቱ 4፣ በሁለት እርምጃ ሲሆን 8 ነው ማለት ነው። ከ36 ተነሥቶ 44ን የሚያገኝ ምንም ዓይነት ስሌት የለም፤ ብዙ የተለያዩ ቁጥሮች ወደዚያው ወደ 36 ወርደዋልና።

ታዲያ የእኛ ፋይል እንዴት አምስት እጥፍ አደገ? ኤምፔግ-2 የቀደመ ዘዴ በመሆኑ ያንኑ ሥዕል ለመግለጽ ብዙ ቢት ይፈልጋል። እኛም «ከፍተኛ ጥራት» የሚለውን ምርጫ ተጭነን በሰከንድ 5 ሜጋቢት ሰጠነው። ቢቱ የተሰጠው ግን የመጀመሪያው ዘዴ የፈጠራቸውን ካሬዎች ጭምር በታማኝነት ለመገልበጥ ነበር። በደበዘዘ ፎቶ ኮፒ ላይ ሌላ ፎቶ ኮፒ በውድ ወረቀት እንደ ማንሣት ነው። የመረጃ ንድፈ ሐሳብን እ.ኤ.አ. በ1948 የመሠረተውን ክላውድ ሻነንን የምታነብቡ ተማሪዎች ይህን በእኩልታ ልታረጋግጡት ትችላላችሁ።

በዚህ ላይ የሀገር ለሀገር ልዩነት ተጨመረበት። የአሜሪካው ሥርዓት በ480 መስመሮችና በሰከንድ 30 ገደማ በሆኑ ሥዕሎች ይሠራ ስለነበር፣ ለዋጩ ፕሮግራም 576ቱን መስመሮች ወደ 480 አወረዳቸው፤ በየሰከንዱም አምስት ያህል ሥዕሎችን እየደገመ ሞላበት። እናታችን ስትነሣ እንቅስቃሴዋ እንደ መንተፍተፍ የሚለው ከዚህ የተነሣ ነው። ወደ ሀገራችን ስንመለስ መስመሮቹ አልተመለሱም።

እርግጥ ነው፣ ለውጥ ሁሉ ጉዳት አያመጣም። በፋይል ስም መጨረሻ ላይ የምናነበው ኤቪአይ ወይም ኤምፒ4 የሚለው ብዙ ጊዜ ፖስታውን እንጂ ደብዳቤውን አይናገርም። መሣሪያው ያልወደደው ፖስታውን ብቻ ከሆነ፣ ሥዕሉን ሳይነኩ ማዛወር ይቻላል፤ በደቂቃ ያልቃል፣ አንድም ቢት አይጠፋም። ድምፁ ብቻ ያልተስማማው እንደሆነም ድምፁን ብቻ መለወጥ ይበቃል። ለዋጭ ፕሮግራሞች ይህን ልዩነት ከተጠቃሚው መሸሸጋቸው ያሳዝነናል፤ አንድ «ለውጥ» የሚል ቁልፍ አስቀምጠው ሁለቱን ፈጽሞ የማይገናኙ ሥራዎች በእርሱ ይሸፍናሉ።

ጉዳዩ ከእነዚያ መቅረጫዎች ጋር ያለፈ የሚመስለው አንባቢ ቢኖር፣ የቤተሰቡን የሠርግ ቪዲዮ ታሪክ ይመርምር። ከቪኤችኤስ ካሴት ወደ ቪሲዲ፣ ከቪሲዲ ወደ ዲቪዲ፣ ከዲቪዲ ወደ ፍላሽ፣ በመጨረሻም በቴሌግራም ወደ ውጭ ሀገር ዘመድ። በቴሌግራም ቪዲዮን በተለመደው መንገድ ስንልክ ፕሮግራሙ እንደገና ሊያምቀው ይችላል፤ እንደ ፋይል አድርገን ስንልከው ግን እንዳለ ይሄዳል። በየደረጃው «አሁን በአዲሱ ስላለን» እየተባለ የቀደመው ይጣላል። የቪሲዲ ሥዕል 352 በ288 ነጥብ ብቻ ነው፤ ካሴቱን በቪሲዲ ምክንያት የጣለ ቤተሰብ ከዚያ በኋላ ምንም ያህል ዘመናዊ መሣሪያ ቢገዛ የሚነሣው ከዚያች ጠባብ ሥዕል ነው።

አንድ የቀድሞ ተማሪያችን ታሪኩን ሰምቶ፣ ዛሬ ባሉት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፕሮግራሞች ቪዲዮውን «አጽድቶ» አመጣልን። ጢሱ ተመልሷል፤ የፊቷም መስመሮች ጠርተዋል። ልጁ የደከመበት በመሆኑ ከልብ አመሰገንነው። ነገር ግን ፕሮግራሙ እነዚያን መስመሮች የወሰደው ከሌሎች ብዙ ፊቶች ከተማረው ነው። በግራ ቅንድቧ ላይ የነበረውን ጠባሳ አያውቅምና ሞልቶ አለስልሶታል። በእኛ ፋይል ላይ ጠባሳው ደብዝዞም ቢሆን ይታያል፤ ሁለት ወይም ሦስት ነጥብ ነው።

ሁለቱንም አስቀምጠናል። አሁን ያለን ቴሌቪዥን 1,700 ሜጋባይቱን ፋይል ምንም ለውጥ ሳያስፈልገው ያጫውተዋል።