ስለ ሐልዋ ስም

ለእንግዳ ከሚቀርቡት ጣፋጮች መካከል፤ ስሙ እንደ ሐልዋ ብዙ አገር የዞረ ጥቂት ነው።

ቃሉ የዓረብ ነው፤ ሥሩም «ጣፈጠ» ማለት ነው። ስለዚህ ሐልዋ በመጀመሪያ የአንድ የተለየ ምግብ ስም ሳይሆን፤ የጣፋጭ ሁሉ መጠሪያ ነበረ። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1226 ዓ.ም. መሐመድ አል ባግዳዲ የተባለው ሰው በባግዳድ ስለ ምግብ አሠራር በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ፤ የጣፋጮች አሠራር የራሱ ክፍል ተሰጥቶታል።

ስሙ ወደ ሌላው ሕዝብ በተሻገረ ጊዜ፤ እያንዳንዱ አገር ከጓዳው ያገኘውን ጨመረበት። ሕንዶች ካሮትን በወተትና በቅቤ አብስለው ሐልዋ አሉት። የኦማን ሰዎች ስኳርን፥ ቅቤን፥ ሄልንና የጽጌ ረዳ ውሃን አዋሕደው ከቡና ጋራ ያቀርቡታል። ሱማሌዎች በሠርግና በዒድ ቀን ይበሉታል። ግሪኮች ግን ከሰሊጥ የተሠራውን፤ ወተትም ቅቤም የሌለበት ስለ ሆነ፤ የጾም ምግብ አደረጉት፤ ይህም ሰሊጥን ለጾም ለሚያሰናዱት ለእኛ እመቤቶች እንግዳ ነገር አይደለም። በኢስታንቡልም በቶፕካፒ ቤተ መንግሥት፤ የጣፋጭ ሠሪዎች ክፍል «የሐልዋ ቤት» ይባል ነበር።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን፤ በቱርክና በፋርስ አገር ይህ የጣፋጭነት ስም ወደ ኀዘን ቤት መግባቱ ነው። ሰው በሞተ ጊዜ ዱቄት በቅቤ ተቆልቶ፥ ስኳር ተጨምሮበት ለጎረቤትና ለድኻ ይታደላል፤ የቀመሰውም ለሟች ምሕረትን ይለምናል። ዱቄቱ እንዳያርር ሳያቋርጡ ማማሰል ያስፈልጋልና፤ የአንዱ እጅ ሲደክም ሌላው ይረከበዋል። በዚህም ምክንያት ኀዘንተኛው ብቻውን አይቀርም። በአገራችንም ጎረቤት እንጀራና ወጥ ይዞ ወደ ልቅሶ ቤት መሄዱ ከዚሁ አሳብ የመጣ ነው።

ፋርሶች «ሐልዋ ሐልዋ በማለት አፍ አይጣፍጥም» የሚል ምሳሌ አላቸው። እንዲሁም «አይዞህ» የሚለው ቃል ብቻውን ያዘነውን ልብ አያጽናናም። ወዳጁን ሊያጽናና የሚወድ ሰው፤ ከቃሉ ጋራ እጁን ይዘርጋ፤ እግሩንም ወደ ወዳጁ ደጅ ያንሣ።