የሚያዘናጋ ማንቂያ

ባለፈው ክረምት ቦሌ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ባለ ሰባት ፎቅ ሕንፃ ተጠርቼ ሄድኩ። አስተዳዳሪዋ የፈለገችኝ ለአንድ ወረቀት ነው። ኢንሹራንሶች ጠይቀዋት ኖሮ "የእሳት ማንቂያው ይሠራል" ብዬ እንድፈርምላት ነበር ያሰበችው። የመቆጣጠሪያው ሣጥን ከመግቢያው በስተግራ፣ ከጥበቃው ወንበር ጀርባ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። አረንጓዴ መብራቱ በርቷል። ጥበቃው በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው።

"አባቴ፣ ይሄ ነገር ጮሆ ያውቃል?" አልኳቸው።

"ኧረ አንድም ቀን! እኔ ከመጣሁ አራት ዓመቴ ነው፤ እንዲሁ አረንጓዴ እንደሆነ አለ። አረንጓዴ ከሆነ ሰላም ነው ብለውኛል። ማታ ማታ እሱን አይቼ ነው ልቤ የሚያርፈው" አሉኝ።

መሰላሌን ዘርግቼ ወጣሁ። ምድር ቤቱ ኮርኒስ ላይ ያለው የመጀመሪያው የጭስ ጠቋሚ፣ እኛ ዲቴክተር የምንለው፣ የፕላስቲክ ክዳኑ ከነጭራሹ አልተነሣለትም። ይህ ክዳን ዲቴክተሩ ከፋብሪካ ሲመጣ አብሮት የሚመጣ ነው። ቀለም ቀቢውና ልስን ሠሪው ሥራቸውን እስኪጨርሱ አቧራ እንዳይገባበት ይሸፍነዋል። ርክክብ ሲደረግ ግን ተነሥቶ መጣል አለበት። ካልተነሣ ጭስ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ጭስ ካልገባ ዲቴክተሩ ኮርኒስ ላይ የተለጠፈ ጌጥ ነው። ከሦስተኛው ፎቅ በላይ ያሉት ሁሉ እንደዚያው ክዳናቸውን እንዳጠለቁ ነበሩ።

ወርጄ ሣጥኑን ከፈትኩት። ሁለቱ የመጠባበቂያ ባትሪዎች ከነካርቶናቸው ተቀምጠዋል። ሽቦ ነክቷቸው አያውቅም። ከሁሉ የባሰውን ያየሁት ግን መስመሮቹ የሚታሰሩበት ቦታ ላይ ነው። ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ ላስረዳ። በእንዲህ ዓይነቱ ማንቂያ እያንዳንዱ መስመር መጨረሻ፣ ማለትም የመጨረሻው ዲቴክተር ላይ፣ አንዲት ትንሽ ሬዚስተር ትታሰራለች። ሣጥኑ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይልካል፤ ኤሌክትሪኩ መስመሩን ሁሉ አልፎ በሬዚስተሯ በኩል ይመለሳል። ሽቦው መሃል ላይ ቢበጠስ ወይም ቢነቀል መመለሻ ያጣል፤ ያኔ ሣጥኑ ቢጫ መብራት አብርቶ "መስመሬ ተቆርጧል" ይላል። መስመሩ በጤና መኖሩን ሣጥኑ የሚያውቀው በዚያች ሬዚስተር ነው።

በዚያ ሕንፃ ውስጥ አራት ሬዚስተሮች እዚያው ሣጥኑ ውስጥ ታስረዋል። ከአራተኛው እስከ ሰባተኛው ፎቅ ያሉት ሽቦዎች ጫፋቸው በቴፕ ተጠቅልሎ ከታች ተንጠልጥሏል። ሣጥኑ በገዛ ሆዱ ውስጥ ካለች ሬዚስተር ጋር እየተነጋገረ፣ አራት ዓመት ሙሉ አራት ፎቅ "ደህና ነው" ሲል ኖሯል። የገጠመው ሰው መስመሮቹ ላይ ያለውን ችግር ፈልጎ ማግኘት ሲያቅተው ቢጫውን መብራት ለማጥፋት ያደረገው ነው። አረንጓዴው መብራት ደግሞ ሣጥኑ ኃይል ማግኘቱን እንጂ ከዚያ ያለፈ ነገር ተናግሮ አያውቅም።

ወረቀቱን አልፈረምኩም። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን አንድ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። ማንቂያ የሌለበት ቤት ውስጥ የሚያድር ሰው ቢያንስ እንደሌለው ያውቃል። ከሰሉን አጥፍቶ፣ ምድጃውን ነቅሎ፣ በሩን አይቶ ይተኛል። በስህተት የተገጠመ ማንቂያ ያለበት ቤት ውስጥ የሚያድረው ግን ያንን ጥንቃቄ ለመሣሪያው አስረክቦ ነው የሚተኛው። ያልተገጠመ ማንቂያ ያሰጋል፤ ያለ ሙያው የተገጠመ ያዘናጋል። መዘናጋት ደግሞ ከስጋት ይልቅ ይገድላል።

"ይህን ሁለት ሽቦ ማገናኘት ማን ያቅተዋል? ለምን ለባለሙያ ሌላ ብር እንከፍላለን?" የሚለውን ጥያቄ ከባለ ሕንፃዎችም ከኮንትራክተሮችም በየጊዜው እሰማለሁ። ጥያቄውን አልንቀውም፤ እኔም እንደዚያ አስብ ነበርና። ከተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት በኤሌክትሪክ ሙያ ተመርቄ ወደ ሥራ ስገባ ጎበዝ ኤሌክትሪሺያን ነበርኩ። መብራትና ሶኬት የዘረጋሁባቸው ሕንፃዎች ዛሬም ያለ እንከን ይሠራሉ። በሦስተኛ ዓመቴ ላይ አንድ ፎርማን "ዲቴክተሮቹንም አንተው ግጠማቸው" አለኝ። ገጠምኳቸው። ኮርኒሱ እንዲያምር ከመብራቶቹ ጋር በአንድ መስመር አሰለፍኳቸው። አንዳንዶቹ ከአየር ማቀዝቀዣው መንፊያ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ዋሉ፤ አንዳንዶቹ ግድግዳው ጥግ ገቡ። ሥራውን ሊመረምር የመጣው ባለሙያ አንድ ጊዜ ዞሮ አየና ሁሉንም አስነቀለኝ።

ያን ቀን ያስተማረኝን ዛሬም ለተለማማጆቼ እደግመዋለሁ። ጭስ የራሱ መንገድ አለው። ሞቆ ወደ ላይ ይወጣል፤ ኮርኒሱ ላይ ሲደርስ ይንጣለላል፤ ግድግዳና ኮርኒስ የሚገናኙበት ጥግ ግን አየሩ የረጋ ስለሆነ ጭሱ ቶሎ አይደርስበትም። ስለዚህ ዲቴክተር ከግድግዳው ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይርቃል። ከአየር መንፊያ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሜትር፤ አለበለዚያ ነፋሱ ጭሱን እየገፋ ያባርርበታል። ምሰሶና ወራጅ የከፋፈሉት ኮርኒስ እንደ ለጥ ያለ ኮርኒስ አይቆጠርም። የብዙ አገሮች ሙያተኞች የሚከተሉት የብሪታንያ ደረጃ እንደሚለው ለጥ ባለ ኮርኒስ ላይ የትኛውም ነጥብ ከጭስ ጠቋሚ ከ7.5 ሜትር በላይ መራቅ የለበትም፤ ከሙቀት ጠቋሚ ደግሞ ከ5.3 ሜትር በላይ። ይህን ሁሉ የመብራት ዝርጋታ አላስተማረኝም። መብራት ሲበላሽ ይጠፋና ወዲያው ይታያል። ማንቂያ ሲበላሽ ዝም ይላል፤ ያለ እሳት ቀንም ሥራው ዝም ማለት ነው። ደህናውን ዝምታ ከሞተው ዝምታ የሚለየው የተማረ ሰው ብቻ ነው።

የእኛ ቤት አኗኗር ደግሞ የራሱ ጥያቄ አለው። በአዲስ አበባ ስንት ሕንፃ ውስጥ ነው ኮሪደር ላይ ቡና የሚፈላው? ከሰሉ ይያያዛል፤ ቡናው ይቆላል፤ ዕጣኑ ይጨሳል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቅዳሜና እሁድ እንጀራ የሚጋገርበትን ሰዓት ጎረቤት ሁሉ ከሽታው ያውቀዋል። እዚህ ቦታ ላይ የጭስ ጠቋሚ የሰቀለ ሰው የሚሆነውን አላሰበበትም። በመጀመሪያው ቀን ሲጮህ ሰው ሁሉ ደረጃውን ይወርዳል። በሦስተኛው ቀን "ዕጣን ነው" ብሎ ይቀመጣል። በሳምንቱ አንድ ሰው ወንበር ላይ ወጥቶ ዲቴክተሩን በፌስታል ያስረዋል። እኔ ራሴ ከስድስት የማያንሱ ፌስታሎች ፈትቻለሁ። ባለ ቡናዋን አልወቅስም። ጥፋቱ የእሷ ሳይሆን፣ ሙቀት ጠቋሚ በሚገባበት ቦታ ጭስ ጠቋሚ የሰቀለው ሰው ነው። ሙቀት ጠቋሚ ለዕጣን ግድ የለውም፤ የሚጮኸው ክፍሉ ወደ 60 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅ ወይም ሙቀቱ በድንገት ሲያሻቅብ ነው። ባለሙያ ሥራ ከመጀመሩ በፊት "እዚህ ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል? ማን ይተኛል?" ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

መብራት የሚጠፋበት ከተማ ውስጥ መኖራችንም ሌላው ነገር ነው። በደንብ የተሠራ ማንቂያ መብራት ከጠፋ በኋላ 24 ሰዓት በባትሪ ነቅቶ መጠበቅ፣ ከዚያም እሳት ከመጣ ግማሽ ሰዓት መጮህ እንዲችል ተሰልቶ ነው የሚገጠመው። ስሌቱ የዲቴክተሩን ብዛት፣ የሳይረኑን ብዛት፣ የሽቦውን ርዝመት ይጠይቃል። ሽቦውም ተራ ሽቦ አይደለም። ተራው ሽቦ ነበልባል ሲነካው ልባሱ ይቀልጥና ይገናኛል፤ ሳይረኑ በጣም በሚፈለግበት ደቂቃ ድምፁ ይቆረጣል። ለዚህ ሥራ የተሠራው ቀዩ ኬብል እሳት እየበላውም ኃይል ያስተላልፋል። ዋጋው ይወደዳል፤ እውነት ነው። ኮርኒስ ከተዘጋ በኋላ ግን የትኛው እንደተዘረጋ ማንም አያይም። የማይታይ ሥራ ላይ የሚያስፈልገው የባለሙያው እጅ ብቻ አይደለም፤ ሕሊናውም ነው። ለዚህ ነው ስሙን ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ኃላፊነት ወስዶ የሚያስረክብ ሰው ያስፈልጋል የምለው።

ይህ ሁሉ ለጥቂት ደቂቃዎች ሲባል ነው። ሰውን አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው ነበልባሉ ሳይሆን ጭሱ ነው፤ የተኛውን ሰው ደግሞ በእንቅልፉ እንዳለ ይወስደዋል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ማታ መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ የመንገዱ መጥበብ ለእሳት አደጋ መኪኖች ምን ያህል ፈተና እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። መኪና በቶሎ በማይገባበት ቦታ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የነዋሪው ናቸው። እኔ በማውቃቸው ሕንፃዎች ማንቂያው ራሱ ወደ እሳት አደጋ መከላከያ ስልክ 939 አይደውልም፤ የሚደውለው የነቃ ሰው ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንላለን፤ ቅጠሉን በጊዜ የሚያስይዘን ግን በጊዜ የጮኸ ማንቂያ ነው።

በሩቅ አገርም የሆነውን እናስብ። በዚያው ዓመት ጥር 13 ቀን፣ እኛ ጥምቀትን ባከበርን በሁለተኛው ቀን፣ በቱርክ ካርታልካያ የበረዶ መዝናኛ ውስጥ አንድ ሆቴል ሌሊት በእሳት ተያያዘ። ትምህርት ቤት የተዘጋበት ሳምንት ስለነበረ ሆቴሉ ልጆቻቸውን ይዘው በመጡ ቤተሰቦች ተሞልቶ ነበር። 78 ሰዎች አለቁ። ከሞት የተረፉት እንግዶች ማንቂያ ሲጮህ አልሰማንም ብለው መስክረዋል። የነቁት በጭስ ሽታና በሰው ጩኸት ነው። እንግዳ ወደ ሆቴል ሲገባ ዲቴክተሩን ፈትቶ አያይም፤ አምኖ ይተኛል። ያን እምነት የተቀበለ ሁሉ ዕዳ አለበት።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የአገራችን የሕንፃ ሕግ ሕንፃዎች ከእሳት አደጋ እንዲጠበቁ ግዴታ ጥሏል። ግዴታው ግን "ማንቂያ አለው" በሚል ምልክት መሟላት የለበትም። የመጠቀሚያ ፈቃድ የሚሰጠው አካል ኮርኒሱ ላይ ያሉትን ዲቴክተሮች ቆጥሮ ከመሄድ ይልቅ በየፎቁ ቢያንስ አንድ ዲቴክተር ላይ የሙከራ ጭስ ቢነፋ፣ ቆጣሪውን አጥፍቶ ማንቂያው በባትሪ ይጮህ እንደሆነ ቢሰማ፣ አንድ ዲቴክተር ነቅሎ ሣጥኑ ቢጫ ያበራ እንደሆነ ቢያይ፣ እኔ ያየሁትን ጉድለት በአሥር ደቂቃ ይደርስበት ነበር። በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤቶቻችንም የእሳት ማንቂያ ሥራ ከኤሌክትሪክ ዝርጋታ ጋር ተጠቅልሎ የሚታለፍ ምዕራፍ ከመሆን ወጥቶ፣ ራሱን የቻለ ሥልጠናና የብቃት ምዘና ይኑረው።

ለባለ ሕንፃዎች የምለው ይህን ነው። በሥራ ዝርዝራችሁ ውስጥ "ፋየር አላርም" የምትለዋን አንድ መስመር ዝቅተኛ ዋጋ ላቀረበው የመብራት ሠራተኛ ደርባችሁ አትስጡ። የሚገጥመው ሰው በዚሁ ሥራ የሠለጠነበትን ማስረጃ ጠይቁ። ሲያስረክብ የእያንዳንዱን መስመር ሥዕል፣ የእያንዳንዱን ዲቴክተር የሙከራ ውጤትና የባትሪውን ስሌት በጽሑፍ ይስጣችሁ። በየስድስት ወሩ ተመልሶ እንዲፈትሽ ውል ግቡ። ለዚህ የምታወጡት ብር ለመግቢያው እብነ በረድ ካወጣችሁት ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ለሙያ ወንድሞቼና እህቶቼ ደግሞ፦ የማታውቁትን ሥራ "አላውቀውም" ማለት ነውር አይደለም። ቢጫውን መብራት ለማጥፋት ብላችሁ ሬዚስተር ሣጥን ውስጥ አትሰሩ። ከዚያ መስመር ማዶ የሚተኛ ሰው አለ።

አንባቢዎቼ፣ ነገ ቢሮ ስትገቡ ወይም ሆቴል ስታድሩ ኮርኒሱን ቀና ብላችሁ እዩ። ክዳን ያጠለቀ ዲቴክተር፣ በፌስታል የታሰረ ዲቴክተር፣ ጥግ የተወሸቀ ዲቴክተር ካያችሁ ዝም አትበሉ፤ ለአስተዳዳሪው ተናገሩ፤ ካልሰማ በጽሑፍ ጠይቁ። ቦሌ ያለው ያ ሕንፃ በመጨረሻ ሁሉም ተፈትቶ እንደ ገና ተሠርቷል። ሥራው ሲያልቅ ጥበቃውን ጠርቼ ዲቴክተሩ ላይ የሙከራ ጭስ ስነፋ ሳይረኑ ሰባቱንም ፎቅ አናወጠው። አዛውንቱ ጆሯቸውን ይዘው "ይሄን ሁሉ ዓመት ምን አምኜ ነው የተኛሁት?" አሉ። መልስ አልነበረኝም። በየሕንፃው መግቢያ ያን አረንጓዴ መብራት አይተው ልባቸው የሚያርፍ ስንት አባቶች አሉ፤ መብራቱ እውነቱን እንዲነግራቸው ማድረግ የገጣሚውም፣ የባለ ሕንፃውም፣ የተቆጣጣሪውም ዕዳ ነው።