ከፎርማት በፊት
ኮምፒውተር ላይ ያለ ፕሮግራም አፕዴትም አልደረግም፣ አልጠፋምም ብሎ ድርቅ ሲል ብዙ ጠጋኝ ቶሎ የሚሰጠው መልስ «ፎርማት ይደረግ» ነው። ይህ ልማድ መቅረት አለበት፤ የችግሩ ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ ሊገኝ የሚችል ነውና። ለምሳሌ፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ከኦፊስ 2000 ጋር ብቅ ባለው ዊንዶውስ ኢንስቶለር የሚጫን ፕሮግራም፣ የመጫኛውን ቅጂ ሲ ድራይቭ ላይ፣ ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ባለ «ኢንስቶለር» የተባለ ስውር ፎልደር ያስቀምጣል። ፋይሎቹ ስማቸው የፊደልና የቁጥር ድብልቅ፣ መጨረሻቸው ኤምኤስአይ ወይም ኤምኤስፒ ነው፤ ተደምረው ብዙ ጊጋባይት ሊይዙ ይችላሉ። ድራይቩ የሞላበት ሰው ቆሻሻ ይመስሉትና ይሰርዛቸዋል። ያን ቀን ምንም አይሆንም። ጣጣው የሚመጣው ቆይቶ፣ ፕሮግራሙ ራሱን ሊያድስ የድሮውን ቅጂ ፈልጎ ሲያጣው ነው፤ ያኔ ስህተት ቁጥር 1714 ወይም 1612 ይወጣል። ከሌላ ኮምፒውተር ኮፒ ማድረግም አያዋጣም፣ ፋይሎቹ በየኮምፒውተሩ ይለያያሉ። እንዲህም ሆኖ፣ የቤተሰብ ፎቶና የቢሮ ሰነድ ያለበት ዲስክ ከመጠረጉ በፊት ማይክሮሶፍት በነጻ የሚሰጠው የመጫንና የማራገፍ ችግር መፍቻ ሊሞከር ይገባል፤ የተበላሹ የሬጅስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብር መዝገብ) ቁልፎችን ያስተካክላል። እምቢ ያለው አንቲቫይረስ ከሆነ ደግሞ ኖርተንም፣ ማካፊም፣ ካስፐርስኪም የየራሳቸው ማስወገጃ አላቸው። ማስወገጃው ከፕሮግራሙ ጋር አብሮ መምጣት ሲገባው ደንበኛው ለብቻው ፈልጎ እንዲያወርደው መደረጉ ግን አምራቾቹ ሊያርሙት የሚገባ ጉድለት ነው።