ጎግል አያታችንን አያውቃቸውም

ሰሞኑን እስቲ የዘር ሐረጋችንን እንፈልግ ብለን ከመካከላችን የአንዱን አያት ስም ከነአባታቸው ጎግል ላይ ጻፍን። ሞክሼው ጉድ ነው፤ አያትየው ግን የሉም።

አይገርምም። ፈረንጅ የሚፈልገው በቤተሰብ ስም ነው፤ ስሙ ከቅድመ አያት እስከ ልጅ ልጅ ይወርዳል። የእኛ የአባት ስም ግን በየትውልዱ ይቀየራል። ኃይሉን በ«ኃ»ም፣ በ«ሀ»ም፣ በ«ሐ»ም እንጽፈዋለን፤ በላቲን ፊደል ሲሆንማ እንደ ጸሐፊው ነው። ዘመናዊው የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው እንኳ በ2008 ዓ.ም. ነው። ታዲያ ኮምፒውተሩ ያልተጻፈ ነገር ከየት ያምጣ?

ካዛንቺስ የሚለው ስም በጣሊያን ወረራ ዘመን ከነበረው የመንግሥት ሠራተኞች ቤቶች ተቋም ምኅጻረ ቃል መምጣቱን ኢንተርኔት ይነግረናል። በየትኛው ግቢ ማን እንደኖረ፣ ማን ማንን ክርስትና እንዳነሳ የሚያውቁት ግን ጎረቤቶችና የእድር ደብተር ናቸው። እነሱም በ2017 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ ተበታተኑ። የአያትየውን አያት ስም ያገኘነው ገላን ጉራ የገቡ አንዲት የድሮ ጎረቤት ጋ ደውለን ነው። ሰባት ቤት ቆጠሩልን፤ አስር ደቂቃ አልፈጀባቸውም።

ጎግልን እንተወው አንልም፤ ቅደም ተከተሉ ይስተካከል እንላለን። መጀመሪያ እንደውል፣ ድምፃቸውን እንቅዳ፣ በፊደላችን እንጻፈው። ነገ የልጅ ልጆቻችን ፈልገው የሚያገኙት ዛሬ የጻፍነውን ብቻ ነው። እትዬ ደግሞ ሁልጊዜ ስልክ አያነሱም።